አያ ይሻው፣ አይነሡ

ሰው በገባ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ የሚል ሰው የሌለበት ቦታ የለም። ለቅሶ ቤት አለ፣ የቀበሌ ወረፋ ላይ አለ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ጣሪያው አናቱን እየመታው አለ። የደብረ ታቦር ዙሪያው ሊቀ ተነሺ ግን ክቡር አያ ይሻው የገሳዩ ናቸው። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሆኗል። ምርኩዛቸውን ጨብጠው አሁንም «ኖር» እያሉ ይነሣሉ።

መሠረት በከተማው ሆስፒታል የሰው ሠራሽ እግር ባለሙያ ናት፤ በዚህ ሳምንት አያ ይሻው አድክመዋታል። በፊት በጄሶ ተለክቶ የተሠራላቸው እግር አቁስሏቸው ቤታቸው ተሰቅሎ ቀርቷል። አሁን ለአንድ ሳምንት ብቻ በውሰት የመጣ ማሽን አለ። ጥቁርና ነጭ የብርሃን መስመር የተቆረጠው እግር ላይ ያበራል። መስመሩ ጉብታው ላይ ይጎብጣል፣ ጎድጓዳው ላይ ይሰረጉዳል፤ ካሜራው ይህን አይቶ ቅርጹን ከነጎርባጣው ያወጣል። የሚፈልገው ጨለም ያለ ክፍልና ለአንድ ደቂቃ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው።

ሰኞ የጽዳት ሠራተኛዋ ፈንታነሽ ባልዲ ልትወስድ ገባች፣ አያ ይሻው ተነሡ። ኮምፒዩተሩ ላይ የወጣው እግር የቀለጠ ሻማ መሰለ። ማክሰኞ ለዘበኛው ተነሡ። ረቡዕ መሠረት በሩን ቆለፈች፤ ለሚያንኳኳው ተነሡ። ሐሙስ በአገራቸው በገሳይ ያሉት የነፍስ አባታቸው፣ አባ ሙሉቀን፣ ነገ መጥቼ እወስድሃለሁ ሊሉ ደወሉ። አያ ይሻው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ።

«ለስልክም ይነሣል እንዴ?» አለቻቸው።

«አባ ናቸው እኮ። ቁጭ ብዬ ላናግር?»

ዓርብ ማሽኑን የሚመልሰው መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። መሠረት ወገቧን ይዛ ቆመች። ከዚህ በኋላ ትዕግሥት አልነበራትም።

«አያ ይሻው፣ እግር ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? ዛሬ ካልተለካ አለቀ።»

«እምፈልገውማ ለዚሁ ለመነሣቱ ነው፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «በምርኩዝ ስነሣ አንድ እጄ ተይዟል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን ባንድ እጄ ስጨብጥ ኖርሁ።»

መሠረት እስከዚያ ቀን እግሩን ለእርሻና ለመንገድ የፈለጉት ይመስላት ነበር። በቁጣዋ አፈረች። መብራቱን አጥፍታ ማሽኑን ስታስነሣ በሩን መቆለፍ ረሳች።

መስመሮቹ እግሩ ላይ መውረድ እንደ ጀመሩ በሩ ተከፈተና አባ ሙሉቀን መስቀላቸውን ይዘው ገቡ።

አያ ይሻው የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨመቁ። ጉልበታቸው አልተነቃነቀም። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሠረት በሥራ ዘመኗ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ደቂቃ አላየችም። መስመሩ አልፎ ካበቃ በኋላ አያ ይሻው እያለቀሱ ነበር።

«ይፍቱኝ አባ፣ ተቀምጬ ተቀበልሁዎ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ አባ፣ ነገሩ ባይገባቸውም መስቀሉን እያሳለሙ።

በወሩ እግሩ ደረሰ። አያ ይሻው አጠለቁት፣ ክፍሉን ዞሩበት፣ አላቆሰላቸውም። ከዚያ ተቀምጠው በሩን ማየት ጀመሩ። ፈንታነሽ ዕረፍት ላይ ነበረች፣ ዘበኛው ምሳ ወጥቷል። ያን የልኬት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲተራመስበት የነበረው በር በዚያች ሰዓት ማንም አልገባበትም። አያ ይሻው ግን ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም።

መሠረት ከጧት ጀምሮ ቆማ ስለዋለች እግሯ አብጧል። ቢሆንም ወጣች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆየችና አንኳኩታ ገባች።

አያ ይሻው በሁለት እግራቸው ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

«ኖር» አሉ።

«በእግዜር» አለች መሠረት፤ «አይነሡ» ማለቱን ተወችው።