ፊታውራሪ ቆይና የግራር እባጭ

በየአገሩ አንድ «ቆይ» ባይ አለ። ቤት ሲቃጠል «ቆይ፣ ከየት እንደተነሣ እንይ» የሚል፣ ሠርግ ሲደገስ «ቆይ፣ ልጅቱም ታስብበት» የሚል፣ ሞት ራሱ መጥቶ ደጁ ቢቆም «ቆይ፣ እስቲ አረፍ በል» ሳይል የማይቀር ሰው። በእኛ መንደር እንዲህ ያለ የለም ካላችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የእኛ የማንኩሳዎቹ አያ የሽዋስ ነበሩ። ፊታውራሪ ቆይ እንላቸው ነበር። ፊታውራሪ ከጦሩ ሁሉ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ነውና ሹመቱ ሹፈት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን ሲጠሩበት አቤት ይሉ ነበር። ቶሎ ግን አይሉም።

ገበሬው ሁሉ ሲዘራ እሳቸው አፈሩን ዘግነው ያሸታሉ። በሬዎቻቸው እርሻ ለምደው እሳቸው አልለመዱም ይባል ነበር።

ዋናው ጉዳቸው ግን ግራር ላይ ነው። በግራር ቀንበጥ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ እባጭ ይወጣል። እኛ አልፈነው እንሄዳለን፤ እሳቸው እየቆረጡ ይሰበስቡታል። ከፊሉን በቢላ ይሰነጥቁታል፤ ከፊሉን ቅል ውስጥ ከትተው፣ አፉን በጨርቅ አስረው ምሰሶ ላይ ይሰቅሉታል። ባለቤታቸው እቴ ዙፋን፣ «የሰው ባል ቅል ቢሰቅል ቅቤ አለበት፤ የእኔው ትል ይሰቅላል» እያሉ ለጎረቤት ያማርሩ ነበር።

አንድ ቀን ጠርተው አሳዩኝ። የመጀመሪያው እባጭ ሲከፈል መሐሉ ላይ ወፍራም ነጭ ትል ተኝቷል።

«ይኸ የቤቱ ጌታ ነው። እናቱ ተርብ ናት፤ ቀንበጡ ውስጥ ጥላው ሄደች፤ ዛፉም ዙሪያውን ቤት ሠራለት» አሉኝ።

ሁለተኛውን ከፈቱ። ወፍራሙ ትል እዚያው አለ፤ ጎኑ ላይ ግን ከእሱ የምታንስ ሌላ ትል ተለጥፋ ትመጠዋለች። «ይችን ደግሞ ሌላ ተርብ ከውጭ ግድግዳውን በመርፌዋ ወግታ ነው ያስገባቻት። ቶሎ አትገድለውም። ቀስ እያለች ትበላዋለች።» በሦስተኛው ውስጥ የጌታው ቆዳ ብቻ ቀርቷል፤ እንግዳይቱ ወፍራለች።

«ከውጭ ስታያቸው ሦስቱም አንድ ናቸው። ማን እንዳለበት የሚታወቀው ሲወጣ ነው። ቆይ፣ ይውጣና እናያለን።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም ሰንጥቀን አንገላገልም?» አልሁ።

«ስም ያወጣልህ ሰው አልተሳሳተም» አሉኝ። ስሜ ቸኮለ ነው።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ የቆየው ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ እስኪሠራ ድረስ ነው። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ታላቅ ወንድሜ ደረሰ ጠመንጃዬን አላስረክብም ብሎ ከአርበኞች ጋር ዱር ገባ። ያሉበትን ቦታ ከመንደሩ የምናውቀው እኔና አያ የሽዋስ ብቻ ነበርን።

ኅዳር ላይ አንድ ሰው እያነከሰ መጣ። ክንዱ እባላለሁ አለ። ቡሬ ምሽግ ውስጥ ሦስት ወር በእግር ብረት ታስሬ አመለጥሁ፣ ወደ አርበኞቹ አድርሱኝ አለ። ቁርጭምጭሚቱ ዙሪያውን ቆስሎ ቅርፊት ይዟል። አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስሁ። ዛሬውኑ ወንድሜ ዘንድ እወስደዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

«የእግዜር እንግዳ ሳይበላና ሳያርፍ አይሸኝም» አሉ ፊታውራሪ ቆይ። «ቆይ።»

በአገራችን እንግዳን ከየት መጣህ፣ ለምን መጣህ እያሉ ማፋጠጥ ነውር ነው። አያ የሽዋስ ጥያቄ አልጠየቁትም። ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ ማታ ማታ እግሩን ራሳቸው ያጥቡታል። ሰውየው ልሂድ ባለ ቁጥር «ቁስልህ ይሻር እንጂ» ይሉታል። አራት ቀን ሆነ፤ ስድስት ቀን ሆነ። እኔ ላብድ ደረስሁ።

«ወንድሜ ረዳት አጥቶ ይዋጋል፣ እርስዎ ሰውን እንደ ትል ቅል ውስጥ ይከታሉ!» ብዬ በሽማግሌ ላይ ጮኽሁ።

«ቆይ፣ ይውጣና እናያለን» አሉ። ፈሪ ናቸው ብዬ ጠላኋቸው። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በዘጠነኛው ቀን ማታ እግሩን ሲያጥቡት ውሃ የማፈሰው እኔ ነበርሁ። ቅርፊቱ እጃቸው ላይ ለቀቀ። ከሥሩ ቀላ ያለ ስስ ቆዳ ብቅ አለ፤ ጠባሳ የለ፣ ጥቁረት የለ፣ የእግሩ ፀጉር እንኳ ብዙም አልተነካም። አያ የሽዋስ «እንኳን እግዜር ማረህ» ብለው እግሩን አደራረቁለት። ከዚያ ወደ ደጅ ወሰዱኝና የሱሪያቸውን ጫፍ ሰበሰቡ። በወጣትነታቸው በመሬት ክርክር ሁለት ወር ታስረው ኖሯል። ሠላሳ ዓመት አልፎትም አንደኛው ቁርጭምጭሚታቸው ዙሪያውን እንደጠቆረ ነው፤ አንዲት ፀጉር አላበቀለም።

«የሦስት ወር ብረት በዘጠኝ ቀን አይጠፋም፤ በድንጋይ ፍቆ ያቆሰለው ነው» አሉኝ።

ወንድሜን በገዛ እጄ አሳልፌ ልሰጠው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«አሁን እንደ ስምህ ሁን። ሂድና ቦታ ይለውጡ በላቸው። ይኸን እኔ አደርሰዋለሁ።»

እኔ ወደ ወንድሜ ሮጥሁ። እሳቸው ሰውየውን ፈረስ ቤት ወደሚባለው አገር በሚያወጣው ዳገት ሁለት ቀን አስኬዱት፤ ሰው የማይኖርበትን ጫካ ከሩቅ አሳይተው «እዚያ ናቸው» አሉትና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የጠላት ጦር ባዶ ጫካ ከብቦ እንደዋለ ስንሰማ፣ ይሽሹ ብለን ለመንናቸው።

«እኔን ካጡ መንደሩን ያቃጥላሉ። ቆዩ፣ ይምጡ» አሉ።

መጡ። አያ የሽዋስ እጃቸው ሳይታሰር አንዱን ቅል አውርደው ሰጡኝ፤ «እስክመለስ እንዳትከፍተው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቡሬ ነዷቸው።

ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ጠበቅሁ፤ ሽሮ እስኪፈላ መታገሥ የማልችለው ሰውዬ። ቅሉ ከምሰሶዬ አልወረደም፣ ጨርቁም አልተፈታም። እቴ ዙፋን በየሰንበቱ ይመጣሉ፣ ቅሉን ቀና ብለው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ስለ ትል ማማረራቸውን ትተዋል።

በሠላሳ ሦስት ጠላት ቡሬን ለቅቆ ሄደ። እስረኞቹ ሁሉ እየሮጡ ገቡ፤ አያ የሽዋስ እንደ ልማዳቸው ከሁሉም ኋላ፣ ቀስ ብለው መጡ። አሁን ሁለቱም ቁርጭምጭሚታቸው ጠቁሯል። ደረሰ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ሳማቸው። እሳቸው ግን በላዩ አሻግረው ወደ እኔ አይተው፣ «ቅሉስ?» አሉ።

አመጣሁላቸው። ጨርቁን ፈትተው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ከባዶዎቹ እባጮች ጋር ቁንጥር የምታህል፣ ደርቃ የተሰባበረች የተርብ ብናኝ ወረደች።

«ምን ነክቶሃል አንተ? እነዚህ እኮ በወራቸው ወጥተው አልቀዋል! ሰው ሦስት ዓመት ይጠብቃል?» ብለው ተቆጡኝ፤ ፊታውራሪ ቆይ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እኔ ትሉን መች ጠበቅሁ» አልሁ።

«ታዲያ ምኑን ስትጠብቅ ኖርህ?»

ትልን ከትል የሚለዩት ሰው ይህችን መለየት አቃታቸው። «ቆዩ፣ ይውጣና...» ብዬ ጀመርሁ፤ ቃሌን ሳልጨርስ እንባዬ ቀድሞኝ ወጣ፣ እሳቸውም አዩት።