ዳኛ ቸኮል ጠላ ቀምሰው የተከሰሱ ለት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ችሎት ገባሁ። ካባዬን ገልብጬ ለብሻለሁ፤ ጫማዬን ፖሊሱ ተጫምቶታል። የያዝኩት መዝገብ ግን በእውንም ያለ ነው። ማስተዋል የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ አክስቷ ጠላ ቤት ስትቀዳ ተገኝታ «ዕድሜዋ ሳይደርስ ጠጥታለች» ተብላ ተከሳለች። የእኔ መከራከሪያ አንድ ነው፤ በአገራችን ወግ ቀጂ በመዳፉ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ሃያ ዓመት በጥብቅና የቆየሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ካልረታሁ ካባዬን ለአህያ አለብሳለሁ።

የዳኛውን ወንበር ይዛ የተቀመጠችው ራሷ ማስተዋል ነበረች፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች። በተከሳሹ ሳጥን ውስጥ የቆሙት ደግሞ በእውኑ ዓለም መዝገቧን የያዙት ዳኛ ቸኮል ናቸው። ክሱ ተነበበ፤ ከልጆቻቸው የፈቃድ ወረቀት ሳይዙ ጠላ ጠጥተዋል ይላል። ደንበኛዬ እሳቸው መሆናቸውን ያኔ ነው ያወቅሁት። አልደነገጥኩም።

ዐቃቤ ሕጉ ምስክር ብሎ ጋኑን ጠራ። ጋኑ እየተንከባለለ መጣ። ለመማል የሚያነሣው እጅ ስለሌለው ዳኛ ቸኮል የራሳቸውን አዋሱት።

«ከሆዴ እንደተቀዳ አውቃለሁ፤ ማን እንደጠጣው ግን አላየሁም፣ አፌ ተከድኖ ነበር» ብሎ መሰከረ።

እንዲህ ያለ ምስክር ማን ይሰጠኛል ብዬ ተነሣሁና መዳፌን ዘርግቼ የቀጂን ወግ አስረዳሁ። ማስተዋል ስንት እንግዳ እንደነበረ ጠየቀችኝ። አርባ አልኳት።

«አርባ ጊዜ የቀመሰ ሰው ታዲያ ቀመሰ ነው የሚባለው ወይስ ጠጣ?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የቀመሰው ምን አደረገ? ልጅን ቅጂ ብሎ ያዘዘው ትልቅ ሰው ይጠየቅ እንጂ።»

የማንን ጉዳይ እንደምከራከር ለጊዜው ጠፍቶኝ ነበር፤ ቢሆንም አማረልኝ። አርባዎቹ እንግዶች ከነዋንጫቸው ተነሥተው ወደ ተከሳሹ ሳጥን ተጋፍተው ገቡ። አንዱ ቦታ አጥቶ ጋኑ ውስጥ ተቀመጠ።

ማስተዋል ጠረጴዛውን በማስመሪያዋ መታችና ፈረደች። ልጅ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ማንም አንዲት ቀን ዕድሜ እንዳይጨምርበት። ዳኛ ቸኮልም ዘጠነኛ ክፍል እንዲገቡ ታዘዘ፤ ደብተር በብብታቸው ይዘው እየዘለሉ ወጡ። እኔ በደስታ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ፍርድ በእውኔ ሰምቼ አላውቅም።

ስልኬ ቀሰቀሰኝ። የማስተዋል እናት ወይዘሮ ትብለጥ ናቸው። ገና እንቅልፌ ሳይለቀኝ፣ ችሎቱ ሦስት ሰዓት መሆኑንና ልጅቱን ዛሬውኑ በነጻ አስወጥቼ ለፈተናዋ እንደማደርስላቸው ነገርኳቸው።

«ይተዉት ጋሼ ዘውገ፣ ምን አደከመዎት» አሉኝ። «ለባለወፍጮው ልንድራት ተስማምተናል። ባለትዳርን ማን ልጅ ነሽ ብሎ ይከሳታል? ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ዳኛ ቸኮል እሺ ብለውናል፤ እርስዎም ከእሳቸው ጋር በሴት ወገን ሽማግሌ ሆነው ይቀመጡልን።»