ጋሽ ሰይድን ያላስነሳ ፍቅር

ሰው ታመመ ሲባል ሄደን መቀመጥ እንወዳለን። መጠየቅ ማለት እኮ ለእኛ መቀመጥ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይቶ የወጣ ጠያቂ «ብቅ ብሎ ጠፋ» ተብሎ ይታማል። እናንተም እንዲህ ያለውን ሰው አምታችሁ ታውቃላችሁ፤ አትካዱ።

ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ቱሉ ዲምቱ የገቡ የወሎ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ግራ እግራቸው እንደ ዱባ አበጠ። ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ መርምራ ደም ረግቶባቸዋል አለችና ምክንያቱን ረጋ ብላ አስረዳችን። ደማችን ውስጥ የረጋውን መልሰው የሚያሟሙ ፕሮቲኖች አሉ። ከበሽታ የሚጠብቁን ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉ ዘበኞችም አሉ። የጋሽ ሰይድ ዘበኞች ግን ተሳስተው የገዛ ደማቸውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይይዙታል፤ ስለዚህ ደማቸው በቀላሉ ይረጋል፣ የረጋውም ቶሎ አይሟሟም።

ጋሽ ሰይድ ጥቂት አሰቡና «እና ልጄ፣ የሚጎዱኝ ሊጠብቁኝ ብለው ነው?» አሏት።

«አዎ አባባ።»

«እንግዲህ ምን እላቸዋለሁ» አሉ።

መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ፣ ብዙ እንዳይቀመጡ፣ በየሰዓቱ ተነስተው እንዲራመዱ አዘዘቻቸው። እንደገና ረግቶ ወደ ሳንባ ከሄደ አያድርስ ነው። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቤታቸው ግን በጠያቂ ተሞላ። የሳሪስ ነጋዴ ወዳጆቻቸው፣ የአቃቂ ሹፌሮች፣ የሰፈሩ ነባር እማማ ጫልቱ፣ ማን ቀረ? ጋሽ ሰይድ ሊራመዱ ብድግ ሲሉ ቤቱ ሁሉ አብሮ ብድግ ይላል። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ። ለእኛ ብለው ነው የሚነሱት?» እንግዳ ጥለው መውጣት የማያውቁ ሰው ናቸውና መልሰው ይቀመጣሉ። እማማ ጫልቱ በርጩማ አምጥተው እግራቸውን ሰቀሉላቸው። በርጩማው ላይ ትራስ የደረበው ማን መሰላችሁ? እኔ። ያውም ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ።

በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ በር ላይ ያዙኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልተነሳም። ሰዉ አላስነሳ አለው። በፍቅር ሊገድሉብኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

አፈርኩ። ጠያቂን ውጣ ማለት በእኛ ሰፈር አይታሰብም። ስለዚህ ገባሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ሰይድ የሚጠየቁት በእግር ነው። ሐኪሟ ናት ያለችው» አልኩ። ግማሹ ውሸት ነው። ጋሽ ሰይድ ግን ሳቅ እያሉ ጋቢያቸውን ደርበው ቀድመውን ወጡ።

ሃያ የምንሆን ሰዎች እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ በእሳቸው እርምጃ ልክ፣ በብሎኮቹ መሀል አዘገምን። ባጃጆች ቆመው አሳለፉን። አንድ የማናውቀው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላ ተቀላቀለ፤ ትንሽ እንደሄደም ወደ ፊት ቀረበና ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌ በለሆሳስ «ሟቹ ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«ልሆን የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉት ጋሽ ሰይድ፤ «አሁን ትቼዋለሁ።»

ሰውየው ደንግጦ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። ግን አልሄደም፤ እስከ መጨረሻው ብሎክ አብሮን ተራመደ።