አማትን ይዞ የዘብ ቅያሬ ማየት

ዘብ ከሚቆመው ሰው ይልቅ ቆሞ የሚያየው ይደክማል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ፋሲል ግቢ በር ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ከአማቴ ጎን ቆሜ ነው። «አማቴ» ማለቴን ግን ለጊዜው ያዙልኝ። ያን ዕለት ሰውዬው አማቴ ለመሆን ገና አልፈቀዱም ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በሩቅ አገር፣ በነገሥታት ደጅ ዘብ በሥርዓት ሲቀየር ለማየት ቱሪስት ይጎርፋል አሉ። ታዲያ ጎንደርን የሚያህል የነገሥታት ከተማ ምን ጎድሎት ነው ዘብ ሳይቀየርበት የሚውለው? የበዓል አዘጋጆቻችንን ይህ ቁጭት አንገበገባቸው። ለጥምቀት ለሚመጣው እንግዳ ማሟሟቂያ እንዲሆን ብለው ጥቂት ጎረምሶች ቀጠሩ፤ የበግ ለምድ አልብሰው፣ ጦር አስይዘው ግቢው በር ላይ አቆሟቸው። በጥንቱ ዘመን ዘብ በእርግጥ እንዲህ ይቀየር ነበር ወይ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ቅጂው ደኅና ከወጣ ስለ ዋናው አልጨነቅም።

የምጨነቀው ስለ አያ አድማሱ ነበር። አያ አድማሱ የወገራ ገበሬ፣ የትርንጎ አባት ናቸው። ትርንጎ እዚሁ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ እኔም ሳያመኝ መድኃኒት እየገዛሁ የተዋወቅኋት ልጅ ናት። እንደ ወጉ ሽማግሌ ብልክ አባቷ እሺም እምቢም አላሉም። ልጁን በዓይኔ ሳላየው አፌን አልከፍትም ብለው ሽማግሌዎቼን አብልተው አጠጥተው መለሷቸው። ቀጥሎ ራሳቸው ዱላቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከች አሉ።

እምቢ ቢሉ ትርንጎ አባቷን አስቀይማ እንደማታገባኝ ቁርጡን ነግራኛለች። ቤቴን አሳየኋቸው፤ «ሸጋ ነው» አሉ። የፎቶ ኮፒ ማሽኑን አሳየኋቸው፤ «ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ዝም አሉ። እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? ማሽን ሸጋ የሚል ሰው ለሰው ሲሆን ቃል ያጥረዋል?

ትርንጎ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወስጄ እንዳሳልማቸው መክራኝ ነበር። ብሰማት ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። እኔ ግን ከተሜነቴን ላሳይ ብዬ የዘብ ቅያሬ ወሰድኋቸው። እናም ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ምክሬ ይኸውላችሁ፤ ዘብ ሲቀየር የምታዩ እንደሆነ ልጁን የምትለምኑትን ሰው ይዛችሁ አትሂዱ። ቀድማችሁ ደርሳችሁ ጥላ ያዙ፤ እኛ ዘግይተን ስንደርስ ጥላውን ሁሉ ፎቶ አንሺ ወርሶት አናታችንን ፀሐይ በሳው። ከሁሉ በላይ ግን ቅያሬው በስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህችን ባለመጠየቄ ምን እንደደረሰብኝ አሁን ታያላችሁ።

በሩ ላይ የቆመውን ዘብ ገና ሳየው አወቅሁት። አራዳ ገበያ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ አንድ ሽፋን ለመሸጥ የሰፈሩን ሰው ገመና ሁሉ ዘርዝሮ የሚያወራ፣ ገዢው ከሄደም በኋላ የማያቆም ሰው ነው። ያን ቀን ግን ባዶ እግሩን፣ ለምዱን ደርቦ፣ ዓይኑን ከሩቅ ተክሎ ቀጥ ብሏል። ዝምብ ከንፈሩ ላይ ታርፋለች፤ እሱ እቴ! ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም ይላል ተረቱ፤ ስለ ከንፈር ግን ያለው ነገር የለም።

አያ አድማሱ ጠጋ ብለው «እንደምን ዋልህ?» አሉት። ዝም። አልሰማኝ ይሆናል ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። አሁንም ዝም። ወገራ ውስጥ ለባላንጣም ቢሆን የእግዜር ሰላምታ አይነፈግም፤ የነፈገ ጠብ ፈልጓል ማለት ነው። አያ አድማሱ ደግሞ ያን ዱላ ለጌጥ አልያዙትም። መናገር እንደማይፈቀድለት ላስረዳ አፌን ስከፍት ፊታቸው ተለወጠ። ባዶ እግሩን አዩ፤ ለምዱን አዩ፤ ያቺን ዝምብ አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው ጋቢያቸውን አደገደጉ።

«አርምሞ ይዞ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

አርምሞ ማለት ባሕታዊ ከሰው ጋር ላይነጋገር የሚገባው ስእለት ነው። አትፍረዱባቸው። በእኛ አገር ለምድ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሰላምታ የማይመልስ ሰው ከባሕታዊ በቀር ማን ሊሆን ነው? ጦሩስ እንዳትሉኝ። አያ አድማሱ አንዴ ካመኑ ጦርም መቋሚያ ይሆናል።

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ግን እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የወገራን ሽማግሌ «ያደገደጉት ለሽፋን ሻጭ ነው» ብሎ ማሳፈር፣ ከዚያ መልስ ደግሞ ልጅዎን ይስጡኝ ማለት ይቻላል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልሁ። ለካ የሚነቅዝ ዝምታም አለ!

አያ አድማሱ ቅድም አንተ ያሉትን ደሳለኝን አሁን አንቱ እያሉት፣ ጎንበስ ብለው ጀመሩ።

«አባ፣ አንዲት ልጅ አለችኝ። ይህ ልጅ በእሷ ነገር ደጅ እየጠናኝ ነው። ልስጠው ወይስ ልከልክለው? ቃል አያውጡ፣ ምልክት ብቻ ያሳዩኝ።»

የደሳለኝ ዓይን ወደ እኔ ዞረ። በዚህ ዓለም ላይ ዕድሌ በእሱ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል የምፈልገው የመጨረሻው ሰው ነው፤ ቢሆንም በዓይኔ ለመንሁት። ነቅንቅ፣ ትንሽ ብቻ፣ ለአገር ልጅ ብለህ። ደሳለኝ ምራቁን ዋጠ። ሊነቀንቅልኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ይኸኔ ከግቢው ውስጥ የአለቃቸው ድምፅ አምባረቀ። ቅያሬው ደረሰ። ተረኛው ጎረምሳ እየተጎማለለ መጣ፤ ደሳለኝ ጦሩን አስረከበው፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ ሰፊ ጀርባውን ለእኔና ለአያ አድማሱ ሰጥቶ እብስ አለ። ቱሪስቱ አጨበጨበ። ዘብ ሲቀየር አይቶ ማልቀስ ያማረው ሰው ከእኔ በፊት ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

«ጀርባውን ሰጠኝ» አሉ አያ አድማሱ በቀስታ።

የፈሩት ይደርሳል። አሁን ምን ቀረኝና ልደብቅ? ሁሉንም ዘረገፍሁት። ባሕታዊ አይደለም፣ ደሳለኝ ነው፣ ተቀጥሮ ነው፣ ጀርባውን የሰጠን ሰዓቱ ደርሶ ምሳ ሊበላ ነው አልኋቸው። የደሳለኝ ወሬና ሳቅ ከአጥሩ ወዲያ እየተሰማ ምስክር ሆነልኝ። አያ አድማሱ እስክጨርስ ሰሙኝ። ይቆጣሉ ብዬ ዱላቸውን ከኋላዬ ሸሸግሁ።

«ቢሆንስ?» አሉኝ። «እግዜር በበለዓም አህያ አፍ ተናግሮ የለ? በሽፋን ሻጭ ጀርባ ቢናገር ምነው ገረመህ?»

ባሕታዊውን ባፈርሰው አህያይቱ መጣችብኝ። ታዲያ ምልክቱ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኋቸው። አዲሱን ዘብ አተኩረው አዩት፤ ደሳለኝ የገባበትንም በር አዩት።

«ያ ሰው ከጧት ጀምሮ ቆመ፤ ደከመው» አሉ። «ጦሩን ለተረኛው አስረከበና ሄደ። ዞር ብሎም አላየ። እኔም ልጄን ስጠብቅ ኖሬ ደክሞኛል። ተረኛው አንተ ነህ።»

እንባዬ መጣ፤ መምጣቱንም አልደብቅም። እዚያው አቧራው ላይ ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምሁ። አንዲት ፈረንጅ የሥርዓቱ ክፍል መስለናት ፎቶ ስታነሳን፣ አያ አድማሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙላት።

እሳቸውን ጥላ ሥር አስቀምጬ ለትርንጎ ደወልሁ። አባቷ የተናገሩትን አንድ ቃል ሳላጎድል፣ ተረኛው የሚለው ላይ ስደርስ እንደ ገና ሲቃ እየያዘኝ ነገርኋት። ሠርጉን በልቤ ለጥር መጨረሻ ቆርጬው ነበር። ወደ ፋሲካ ማግስት የተዛወረው በዚያች የስልክ ጥሪ ነው፤ ትርንጎ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልስ እስካገኝ ቀን አንቆርጥም ብላኛለችና። ወሬዬን ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፤

«አባዬ ዘበኛ፣ አንተ ዘበኛ። ዘበኛው ተቀየረ እንጂ እስረኛዋ መቼ ተፈታች?»