ረግጠን ወጣን

(አገራቸው ከጎረቤቶቿ የንግድ ኅብረት ልትወጣ ነው። ዋና ተደራዳሪውና ምክትላቸው የሆነው የእህታቸው ባል ድርድሩን ረግጠው ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።)

ዋናው፦ በሩን ለምን ቀስ ብለህ ዘጋኸው?

ምክትሉ፦ ሰው እያወራ ነበራ፣ ጋሼ።

ዋናው፦ ረግጦ የወጣ ሰው ጓ አድርጎ ነው የሚዘጋው።

ምክትሉ፦ ተመልሼ ገብቼ እንደገና ልውጣ?

ዋናው፦ ተው፣ ተው። ይኸኔ ተርበትብተዋል። አሁን መጥተው "አትውጡብን" ብለው ይለምኑናል።

ምክትሉ፦ ልንወጣ አይደል እንዴ የመጣነው?

ዋናው፦ እንወጣለን፤ ገበያው ግን አይቀርብንም። ቀረጥ የለ፣ መዋጮ የለ፣ አዛዥ የለ።

ምክትሉ፦ ሚስቱን ፈትቶ ምሳ እቤት እንደሚበላ ሰው?

ዋናው፦ ምሳም፣ እራትም።

ምክትሉ፦ ሴትየዋስ ተስማማች?

ዋናው፦ አንተ ፖለቲካ አይገባህም። እህቴ ባትጨቀጭቀኝ መቼ ምክትል አደርግህ ነበር።

(ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማል።)

ዋናው፦ ሰማህ? ጨንቋቸው ነው።

ምክትሉ፦ ሰው ሲጨንቀው ያጨበጭባል?

ዋናው፦ ግባና እይ፤ ግን እንዳጋጣሚ የገባህ ምሰል።

(ምክትሉ ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ብብቱ ሥር የሆነ ነገር ይዞ ይመለሳል።)

ምክትሉ፦ ወንበራችንን አንሥተውታል።

ዋናው፦ የተሻለ ሊያመጡልን ነው።

ምክትሉ፦ እንጃ። ባንዲራችንንም አጣጥፈው ሰጡኝ።

ዋናው፦ (ባንዲራውን ተቀብለው) ሌላስ?

ምክትሉ፦ "ያለ ቀረጥ እንዲገባላችሁ የምትፈልጉት ዕቃ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ "አንዲት ነገር እንዳትለምን" ብለውኝ የለ? "ምንም" አልኳቸው።

ዋናው፦ ምንም? የሚስቴ ፋብሪካ ሳሙና የሚሸጠው እኮ እነሱ አገር ነው።

ምክትሉ፦ "ብንወጣ ማንም አይጎዳም" ሲሉ ሳሙናውንም የጨመሩ መስሎኝ።

ዋናው፦ እሱ ለሕዝብ የሚነገር ነው፣ አንተ ሰው። (ግድግዳውን ይደገፋሉ) ለነገሩ የእናንተም ጫማ ፋብሪካ አብሮ ጉድ ሆኗል።

ምክትሉ፦ የለም፣ የእኛ ፋብሪካ ወደ እነሱ አገር ከተሻገረ ከረመ።

ዋናው፦ ማን ነገራችሁ?

ምክትሉ፦ እርስዎ ነዎታ። በሬዲዮ "ማንም አይጎዳም" ያሉ ዕለት እህትዎ "ወንድሜን አውቀዋለሁ" ብላ ማሽኑን አስጫነችው።

ዋናው፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) እዚያ... ለሳሙና የሚሆን ጥግ ይኖራችኋል?

ምክትሉ፦ አይጠፋም፣ ጋሼ። ችግሩ እርስዎ ቪዛ ያስፈልግዎታል፤ ያለ ቪዛ መግባትን "ውርደት ነው" ብለው በዚሁ ድርድር ያሰረዙት እርስዎ ነዎት።