ንግሥቲቱ ምን ላይ ትተኛ?

[ሳሎን። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ክምር አለ፦ አሸዋ፣ የአትክልት አፈር፣ ጀሶ። ከጎናቸው አንገቷ ጠበብ ያለ የመስታወት የአበባ ማስቀመጫና አፏ በሲኒ ማስቀመጫ የተከደነ ብልቃጥ። ብልቃጧ ውስጥ እርጥብ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ጉንዳኖች። የቤቱ ጌታ ሊቁ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዕውቀቱ ሁሉ ከበራሪ ወረቀት የተለቀመ ስለሆነ አያርፍም። ዝግታ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጉንዳኖቹ የእሱ ናቸው።]

ሊቁ፦ አሸዋ ይናዳል ስልህ ስንቴ ልድገመው?

ዝግታ፦ እንግዲያው አፈር ይሁን፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ አፈር ብላ። አፈር ይሻግታል።

ዝግታ፦ ለእኔ ነው ለጉንዳኖቹ?

ሊቁ፦ ምኑ?

ዝግታ፦ ብላ ያልከው።

ሊቁ፦ ስማ፤ የጎጆ ወለል የሥልጣኔ መሠረት ነው። እርጥበት የሚይዝ መሆን አለበት።

ዝግታ፦ ይዞ የት ያደርሰዋል?

ሊቁ፦ የትም። ይይዘዋል፣ በቃ።

ዝግታ፦ ያለ ጥፋቱ?

ሊቁ፦ እርጥበት ከሌለ ንግሥቲቱ እንቁላል አትጥልም።

ዝግታ፦ ባትጥል አይሻልም? ይሰበርባታል እኮ። ቀስ ብላ ታስቀምጠው።

ሊቁ፦ [ጣሪያ ጣሪያውን እያየ] እህትህን ሳገባ አንተን ምራቂ አድርገው ሰጡኝ።

ዝግታ፦ ጥጡ ላይ ደህና ናቸው እኮ። ትንሽ ጨምሬ የብልቃጧን አፍ ብወትፈውስ?

ሊቁ፦ ንግሥት ጥጥ ላይ? ቁስል ናት እንዴ?

ዝግታ፦ እቴቴ «ከሥራ ስመለስ ወለሌ ላይ አንድ ጉንዳን ካየሁ እነሱም አንተም ወደ ውጭ» ብላለች። የት እገባለሁ?

ሊቁ፦ ለዚህ ነዋ ጀሶ።

[በጥብጦ የአበባ ማስቀመጫው ውስጥ ይገለብጠዋል።]

ዝግታ፦ ይቺ የእቴቴ የሠርግ ስጦታ አይደለችም? ከሁለታችን አስበልጣ ነው የምትወዳት።

ሊቁ፦ ስታየው ትመርቀኛለች። አሁን የንግሥቲቱን እልፍኝ መቅረፅ ነው።

[እጁን እስከ አንጓው ከትቶ፣ ውስጥ ይጨብጣል።]

ዝግታ፦ በማንኪያ አይሆንም?

ሊቁ፦ እጄን ያላስገባሁበት ነገር አምሮ አያውቅም።

ዝግታ፦ እቴቴም «እጁን ያላስገባበት ነገር የለም» ትላለች።

ሊቁ፦ አየህ፤ ሚስት ታውቃለች።

ዝግታ፦ መቼ ታወጣዋለህ?

ሊቁ፦ ሲጠና። ቀድሜ ካወጣሁት እልፍኙ ይደረመሳል።

ዝግታ፦ ከጠና በኋላስ በየት በኩል ይወጣል?

[ሊቁ እጁን ለማውጣት ይታገላል፤ አይወጣም።]

ሊቁ፦ ጀሶው እየጠና ሞቅ አለኝ።

ዝግታ፦ ንግሥቲቱ ሙቀት ትወዳለች?

ሊቁ፦ ሳብ።

[ዝግታ ብልቃጧን ወደ ራሱ ይስባል።]

ሊቁ፦ እሷን አይደለም፤ እኔን።

[ይስበዋል። ሊቁም ማስቀመጫዋም አብረው ይመጣሉ።]

ዝግታ፦ ጀሶውን ግን አታማው፤ እንዳልከው ይይዛል።

ሊቁ፦ መቀስ የምይዝበት እጄ ነው።

ዝግታ፦ መዶሻ ላምጣ?

ሊቁ፦ ማስቀመጫዋን ብትሰብር እህትህ አንገቴን ትሰብረዋለች። አፈር ስሆን፣ አንድ ዘዴ ፈልግ።

ዝግታ፦ አፈር ይሻግታል አላልክም?

[በሩ ላይ ቁልፍ ሲዞር ይሰማል። ዝግታ የብልቃጧን አፍ በጥጥ ይወትፍና ቀስ ብሎ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣታል።]

ሊቁ፦ ምን ልትላት ነው?

ዝግታ፦ እውነቱን። ጥጡ አልጋም ሆነ፣ መዝጊያም ሆነ፤ አንድም ጉንዳን አልወጣም።

ሊቁ፦ ስለ እኔስ?

ዝግታ፦ [ወደ በሩ] እቴቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጉንዳኖቹ ባሉበት መቆየት መረጡ። ጎጆ የወጣው ጋሼ ነው።