አራት ማዕዘኑ የድርቆሽ ክምር

ከባል አፍ የሚወጣ እጅግ አደገኛው ንግግር «እፈታሻለሁ» አይደለም። «ይሄ ምን አለው?» ነው! ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ባል ሆዬ እጅጌውን ሰብስቦ «ይሄ ምን አለው?» ይላል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳሎኑ የሚዋኝበት ይሆናል። ሶኬት ይበላሻል፤ «ይሄ ምን አለው?»… ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። እናንተ ሚስቶች፣ አሁን ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እናንተም ባሎች፣ ጋዜጣው ጀርባ አትደበቁ፤ አብረን ነን።

እኔ ይህቺን ቃል የተናገርኳት ባለፈው ጥቅምት፣ በድርቆሽ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምሠራው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ነው። አበባው ከየት፣ ሥጋው ከየት፣ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ… አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ዕቃ እንዴት እንደሚደረደር የምወስነው እኔ ነኝ። የምኖረው ግን ከአያት ሰፈር ወዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት፣ አጎቴ ባወረሱኝ ቦታ ላይ ነው። ወርቄና ሻሼ የሚባሉ ሁለት ላሞች አሉን፤ አንድ ጥጃና አምስት በጎችም አሉ። ከቤቱ ጀርባ ሰፋ ያለ የሳር ማሳ አለን። ክረምቱን ሙሉ ያደገው ሳር ጥቅምት ላይ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፤ ላሞቹ እስከሚቀጥለው ክረምት የሚቀለቡት በእሱ ነው።

ባለቤቴ አስቴር ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። «እስቲ ለአንድ ዓመት ልሞክረው» ብላ አብራኝ መጣች፤ ይኸው አራተኛ ዓመታችን። የክረምቱ ጭቃ ግን ከጫማዋ ቢለቅ ከሆዷ አልለቀቀም። አምና ደግሞ ድርቆሹን ዝናብ አገኘውና ሻገተ። ወርቄ አሸተተችው፣ አንዴ አየችኝና ፊቷን አዞረች። በጋውን ሙሉ ሁለቱም ላሞች የጎን አጥንታቸው እስኪቆጠር ከስተው ከረሙ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሳሩ ሳይታጨድ አስቴር ቁርጡን ነገረችኝ።

«ስማኝ፤ አሁንም ድርቆሹ ከተበላሸ ላሞቹ ይሸጣሉ። እኛም ወደ ቦሌ እንመለሳለን። አለቀ!»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! ክምር የሚያውቅ ሰው ፈልግና ቅጠር። እኔ እንደሆነ አንዲት ሰበዝ አልነካልህም።»

ዝም ብል ምን ነበረበት? ምላሴ አላርፍ አለ። «ድርቆሽ መከመር? ይሄ ምን አለው? አስቱዬ፣ እኔ አውሮፕላን የምጭን ሰው ነኝ እኮ!»

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃችን ቤዛ ከስልኳ ላይ ዓይኗን አነሳች። በቤታችን ይህ የሚሆነው በዓመት ሁለቴ ነው። «ዳድ» አለችኝ፣ «ፕሊስ… ዶንት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላሞቹን እወዳቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ አለቃ ሲጮህብኝ፣ ደንበኛ ሲጮህብኝ ውዬ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ስመጣ፣ ወርቄ ገና ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን ታቆማለች። «ለምን አመሸህ?» የለ፤ «ዳቦ ረሳህ?» የለ። እሷን አሳልፌ ለሥጋ ነጋዴ መስጠት አይታሰብም። ለዚህ ነው ነገሩ ለኔ የሳር ጉዳይ ብቻ ያልነበረው።

ሳሩ ታጨደ፤ ሜዳው ላይ ተሰጥቶ ደረቀ። ዓርብ ከሰዓት ቤዛ ስልኳን ይዛ መጣች። «ነገ ከሰዓት ሬይን ይላል።» ማመን አልፈለግኩም፤ አጥር ተሻግሬ ኦቦ ቶላ ዘንድ ሄድኩ። ኦቦ ቶላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ወደ ምሥራቅ አንጋጠው ሰማዩን አዩና «ነገ ይዘንባል» አሉ። ስልክና ኦቦ ቶላ ከተስማሙማ ጉዴ ፈላ! በረታችን ጠባብ ነው፣ ድርቆሹን አይችለውም። ሠራተኛ ልቅጠር ብል ሰው ሁሉ የራሱን ለማንሳት እየተሯሯጠ ነው።

ያን ጊዜ ነው አንድ ሐሳብ የመጣልኝ። ደቦ! አያቶቻችን በደቦ አይደል እንዴ ያጨዱት፣ የወቁት? እኔ ደግሞ ደቦ የምጠራው ሰው መች አጣሁ? በየሳምንቱ በየቤቱ እየዞርን የምንጸልይበት የኅብረታችን የቴሌግራም ግሩፕ አለልኝ። ወዲያው ጻፍኩ፦ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት እኛ ቤት ደቦ አለ። ሁላችሁም ኑ። ምሳ አለ።»

ስህተቴ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መጻፌ ነው። አሜኑ ዘነበ! «አሜን!» «ዘመንህ ይባረክ!» «ኬክ እናምጣ ወይስ ለስላሳ?» «ድርቆሽ» ስለሚባል ነገር የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

የሁለት ሰዓቱ ደቦ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። ከኦሎምፒያ፣ ከመድኃኔዓለም፣ ከሁሉም አቅጣጫ በመኪና ተንጋግተው መጡ። ግን አለባበሳቸውን ባያችሁ! ወንዶቹ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ፣ ሴቶቹ ባለ ተረከዝ ጫማ፤ ተረከዙ ማሳው ውስጥ እየተሰካ አንዷ አንዷን ትነቅላለች። አንዱ ወንድማችን ጭራሽ ኪቦርድ ተሸክሞ መጥቷል። ኪቦርድ… ለድርቆሽ!

«ሶኬት የት ነው ወንድሜ?» አለኝ።

«ላሟን ጠይቃት» ልለው ነበር፤ ጌታ አፌን ያዘልኝ።

አስቴር በረንዳው ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። የምሳውን ድስት ግን ከጠዋት ጀምሮ ጥዳለች፤ እንግዳ ፊት አታዋርደኝም።

«እንግዲህ ሥራውን በጸሎት እንጀምር» አሉ የኅብረታችን ሽማግሌ ጋሽ ማርቆስ። ጋሽ ማርቆስ መልካም ሰው ናቸው። ነገር ግን ለምሳ ሲጸልዩ ወጡ የሚቀዘቅዝባቸው ሰው ናቸው። ለአገሪቱ ጸለዩ። ለገበሬው ጸለዩ። ለአርብቶ አደሩ ጸለዩ። በጎቻችንን ሲያዩ የጠፋችው በግ ትዝ አለቻቸውና እሷንም ፈልገው እስኪያገኟት ጠበቅናቸው። አንድ ዓይኔን ከፈት አድርጌ ብመለከት፣ ከምሥራቅ በኩል ደመናው ጠቁሮ ወደኛ እየመጣ ነው። መሐል ላይ ወርቄ «እምቧ…!» ብላ ጮኸች፤ ሕዝቡ ጸሎቱ ያለቀ መስሎት «አሜን!» አለ። እኔም ዕድሉን ሳላሳልፍ «ወደ ሥራ!» ብዬ ጮህኩ። ለውለታዋ ወርቄን ግንባሯን ስሜያታለሁ።

ከዚያማ የኔ ሰዓት ሆነ። የክምሩን ንድፍ ማታውኑ በወረቀት ሠርቼው ነበር፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት። ሰውን በአራት ማዕዘን መደብኩ። ነጭ ሸሚዞቹ ድርቆሽ ያቅፋሉ፣ ባለ ተረከዞቹ ጫማቸውን አውልቀው ያቀብላሉ፣ እኔ በሜትር እለካለሁ። ደግሞ መዝሙር እየዘመሩ ሲሠሩ ያምራሉ! በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ክምሩ ቆመ። ምን ዓይነት ክምር መሰላችሁ? ማዕዘኑ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ አናቱ ጠረጴዛ! ሰው ሁሉ ተሰልፎ ፎቶ ተነሳበት። እኔም ወደ በረንዳው ዞሬ አስቴርን በኩራት አየኋት።

ይህን ጊዜ ኦቦ ቶላ በትራቸውን ይዘው በአጥሩ በኩል መጡ። ክምሩን አንዴ ዞሩት። ደግመው ዞሩት።

«የቤዛ አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ክምር ነው ኦቦ!»

«ክምር ነው? እኔ ቤት መስሎኝ በሩን እየፈለግኩ ነው።» ቀና ብለው አናቱን አዩ። «ለመሆኑ ሲዘንብ ውኃው የት ይሄዳል?»

«ውኃው…» አልኩና ንድፌን ከኪሴ አወጣሁ።

እስቲ ፍረዱኝ። አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ይዘንባል? በአሥራ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኔ «ውኃው የት ይሄዳል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም አለቃ የለም። የሠራሁት ክምር ሳይሆን ገንዳ ነው። ውኃው አናቱ ላይ ተኝቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ሆዱ ይገባና ድርቆሹ ከውስጥ ይበሰብሳል። የአምናው ሻጋታ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

«አይዞህ፣ ይድናል» አሉ ኦቦ ቶላ። «አንድ ቀላል ሰው ከላይ ይውጣ። የሚቀበለውን ሳር መሐል ላይ እየጨመረ፣ እየረገጠ አናቱን ያሹለው። ቶሎ በሉ፤ መጥቷል።»

እሳቸው «መጥቷል» ያሉት ዝናቡን ነው። እኔ ሆዬ አፍሬያለሁና ሳላስብ ወጣሁ። ገና አንድ እግሬን ሳሳርፍ እስከ ወገቤ ሰመጥኩ፤ ያ በሜትር የለካሁት ማዕዘን ከነባለቤቱ ተንዶ መሬት ላይ ተዘረጋ። ከድርቆሽ ውስጥ አንገቴን ሳወጣ ኅብረቱ በሙሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይታገላል።

«ቀላል ሰው ነው ያልኩት» አሉ ኦቦ ቶላ።

ቀና ስል አስቴርን አየኋት። በረንዳው ላይ እንደቆመች ነው። ልብ በሉ፣ እሷ ዝም ብላ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዝናቡ ይመጣል፣ ድርቆሹ ይበላሻል፣ ላሞቹ ይሸጣሉ፤ እሷ ቦሌ ናት። አራት ዓመት የጠበቀችው ነገር ደጃፏ ላይ ደርሷል። ሰማዩን አየች። በረቱን አየች። አፉ ሳር የሞላውን ባሏን አየች። ከዚያ ሻርፗን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና «መሰላሉን አምጡ!» አለች።

«እህቴ፣ በመጀመሪያ እንጸልይና…» አሉ ጋሽ ማርቆስ።

«ጸልየናል ጋሼ! አሁን ሳር ያቀብሉኝ!»

ወጣች። ወገኖቼ፣ ያቺ የጭቃ ነገር የሚያንገሸግሻት ሴት ክምር አናት ላይ ወጥታ ጄኔራል ሆነች! «አንተ፣ ኪቦርዱን ተውና መንሹን ያዝ! ቤዛ፣ ስልኩን ኪስሽ ክተቺና እቀፊ! አንተ ሰውዬ… አንተ ሜትሩን ጣል!» ኦቦ ቶላ ከታች በበትራቸው እያመለከቱ «ወደ ግራ! እሱን እርገጪው! ጃባዱ አስቴር፣ በርቺ!» ይላሉ። ጋሽ ማርቆስ በዚያ ነጭ ሸሚዛቸው ድርቆሽ አቅፈው እየሮጡ፣ ላብ በላብ ሆነው «ሃሌ ሉያ!» ይላሉ። ክምሩ እየሾለ፣ እየሾለ ሄደ። የመጨረሻዋን እቅፍ አናቱ ላይ አስቀምጣ ስትረግጣት፣ ዝናቡ ወረደ።

ሁሉም ወደ በረንዳው ሮጠ። እሷ ግን አልወረደችም። ከላይ ሆና፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ ውኃው በክምሩ ጎን እየተንሸራተተ መሬት ሲወርድ ታያለች።

«ይፈሳል!» ብላ ጮኸች። «እዩት! አልገባም፣ ይፈሳል!»

ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። መሰላሉን ይዤ ከታች ቆሜ እየረጠብኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ወደድኳት። አላፍርም፤ የሚስቴ ነገር ነው።

በማግስቱ ኦቦ ቶላ መጥተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ክምሩ ውስጥ ሰደዱ። አንድ ጭብጥ አውጥተው አሸተቱት። «ደረቅ ነው» አሉ። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ወደ አስቴር ዞርኩ።

«እንግዲህ… ላሞቹ አይሸጡም ማለት ነው?»

«የምን መሸጥ? ክምሬን ጥዬ የት ልሄድ ነው?»

«ክምሬን» አለች፤ ሰማችሁ? ከደስታዬ ብዛት ያቺን ቃል አላስተዋልኳትም።

ኅዳር ገባ። ሜዳው ላይ የሚጋጥ ሳር አለቀ። አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት ለወርቄ ትንሽ ድርቆሽ ላወጣላት ወደ ክምሩ እጄን ብሰድ፣ ከኋላዬ እሪታ ሰማሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?!»

«ለላሞቹ ላወጣላቸው ነዋ።»

«ከየት?»

«ከክምሩ።»

«አንተ ጤና የለህም? ቅርፁን ልታበላሸው ነው?» ብላ በክምሩና በእኔ መሐል ቆመች። «ቅዳሜ እህቶቼ ከቦሌ ሊያዩት ይመጣሉ!»

እህቶቿ መጡ፤ አይተው፣ ተደንቀው፣ ፎቶ ተነስተው ሄዱ። በቀጣዩ ቅዳሜ የቢሮ ጓደኞቿ ተተኩ። ቤዛ ክምሩን በቪዲዮ ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ለቃው «ሃርድ ነው፣ እናትሽ ክዊን ናት!» የሚል አስተያየት ጎርፎበታል። ጋሽ ማርቆስ በስብከት መሐል ስሟን ጠርተው አመስግነዋታል። እኔ በየጠዋቱ ማጭድ ይዤ ኮረኮንቹ ዳር ያለውን ለምለም ሳር አጭዳለሁ፤ አለቃዬ ኮሌታዬ ላይ ሳር ማየት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የመንገድ ዳሩም አለቀ።

ትናንት እፍረቴን ዋጥ አድርጌ፣ ገመድ ይዤ ኦቦ ቶላ ደጃፍ ቆምኩ። «ኦቦ፣ እባክዎ አንድ ሸክም ድርቆሽ ያበድሩኝ» አልኳቸው።

ደነገጡ። «ምነው? ያ ሁሉ ክምር ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም ኦቦ» አልኳቸው። «አምሮ ነው።»